ወደ ኋላ የተጠነጠነው ክር

ድምፅ ቀራጩ በመቅረጫ ክፍሉ ውስጥ ከተገለበጠ መሰላል አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ነበር። ምሳ ይዛለት የመጣችው ሚስቱ ናት ያገኘችው። ያየ ሁሉ «ወድቆ ነው» አለ። መርማሪዋ ግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትል ሴት ናትና መደርደሪያው ላይ ያሉትን የቴፕ ክር ካርቶኖች አንድ በአንድ ከፈተች። ወደ ውጭ የሚታየው የክር ጫፍ ሁሉም ጋ ቀይ ነው። የአንዱ ብቻ ነጭ ሆነ፤ «ሁለተኛው አልበም» የሚለው።

«እትዬ፣ ይሄ ነጭ ምንድን ነው?»

«ነጩ መጀመሪያው፣ ቀዩ መጨረሻው ነው» አለች ሚስቱ። «ክር ከተሰማ በኋላ እንዳለቀ ነው የሚቀመጠው፤ ያለዚያ ድምፁ ይበላሻል። እኔንም የባንዱን ድራመርም ስንት ዓመት ተቆጥቶናል!» ካርቶኑን አየችና ደነገጠች። «ይሄንን ባሌ አላጠነጠነውም። ምን ቆርጦት!»

ወይ ጉድ! ያ አልበም የዝነኛው ሮክ ባንድ የመጀመሪያ ዘመን ሥራ ነው። ድምፃዊው ራሱ በየቃለ መጠይቁ «ቆሻሻ» እያለ ቀበረው። መርማሪዋ በወጣትነቷ አልበሙን ስትወደው ጓደኞቿ ስቀውባታል። ሰሞኑን አንድ ጋዜጣ «የባንዱ ምርጥ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው» ብሎ ጻፈና እንደገና ሊታተም ነው።

«እዚያ መቅረጫ ክፍል?» አለ ድምፃዊው መርማሪዋ ስትጠይቀው፣ ፊቱን አጨፍግጎ። «ሠላሳ ዓመት እግሬ አልረገጠውም።»

«ሕዝቡ እኮ አልበሙን ወዶታል።»

«ሕዝብ ምን ያውቃል!»

ድራመሩን «ዝምተኛው» ይሉታል፤ ከበሮ እየደበደበ ዝምተኛ! ስትጠይቀው እንባውን ጠርጎ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ክር ማጫወቻው ላይ አንድ ክር አዘጋጅታለች።

«ታላቅ እርስዎ ነዎት፤ አሰሙንና ወደ ካርቶኑ ይመልሱት» አለችው ድምፃዊውን።

እሱም እጁን ጠረጴዛው ሥር ሰደደና ማብሪያውን ተጫነ። ክሩ ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው አጠነጠነው።

«ለምን አጠነጠንከው?» አለች የሟቹ ሚስት።

«ካሴት ሲሰማ ያደገ ሰው እጁ አያርፍም» አለች መርማሪዋ። «የሙያው ሰው ግን አይነካውም። ማብሪያው ደግሞ የድሮው ተሰብሮ አዲሱ ጠረጴዛው ሥር የተገጠመው ባለፈው ወር ነው። ሠላሳ ዓመት ያልመጣ ሰው ሳይፈልግ እንዴት አገኘው?»

«ለምን ብዬ ነው የምገድለው?»

«የሁለተኛውን አልበም ክር እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ዘፈኑ ሲያበቃ ሟቹ ‹ዝምተኛው፣ አንጀቴን በላኸው› ይላል። እርስዎ ጉሮሮዎን ታመው በእርስዎ ስም የዘፈነው ድራመሩ ነው። ሟቹ አዲሱ ሽፋን ላይ እውነተኛውን ስም ሊጽፍ ነበር። ገፍትረው ገደሉት፣ መሰላሉን ገለበጡት። ሲያሰማዎት የነበረው ክር ከካርቶኑ ቢጎድል ነገር ይነሳል ብለው አጠንጥነው መለሱት።»

ድምፃዊው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ዕድሜዬን ሙሉ ዘፍኜ» አለ፣ «የወደዱት የእሱን!»

ዝምተኛው ያኔ ተናገረ። «ስሜ ሊጻፍ ነው ብዬ ለእሱ ደውዬ የነገርኩት እኔ ነኝ… ደስ ብሎኝ። አይጻፍ፣ ይቅር።»

«ይጻፋል!» ብላ ጮኸች የሟቹ ሚስት። «ባሌ የሞተው ለዚያ ነው። ሠላሳ ዓመት ዝም ባትል ኖሮ ዛሬ ምሳውን ይበላ ነበር። ይጻፋል፤ ባየኸው ቁጥር ይቆጥቁጥህ።»