የላሊሴ የበረዶ ጎማዎች

ሜልበርን ላይ በረዶ አይጥልም። ስለዚህ በዚህ ከተማ የበረዶ ጎማ የሚጠይቅ ሰው ወይ ተራራ ላይ ሊንሸራተት የሚወጣ ሀብታም ነው፣ ወይ ርቆ ለመሄድ የቆረጠ ነው። ላሊሴ ሀብታም አልነበረችም።

በሰኔ ማብቂያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አሮጌ ኮሞዶር መኪናዋን ክሬጊበርን ሰፈር ያለው ጎማ ቤት በር ላይ አቁማ ስትወርድ ያብስራ ክሪክ እየጎተተ ነበር። አያት፤ ክሪኩን ለቀቀው። ከተያዩ አርባ ቀን ሆኗቸዋል። ቆጥሮታል። እንዲህ ያለውን የማይቆጥር አፍቃሪ ካለ እኔ አላውቀውም።

«ጎማ ፈልጌ ነው» አለች መሬት መሬቱን እያየች።

«ሌላ ጎማ ቤት ጠፋ?»

«አልጠፋም። ግን አንተ አትዋሸኝም።»

ለመሆኑ ምን ለያያቸው? ቢጣሉ፣ ቢካካዱ ኖሮ እንኳ ይሻል ነበር። የለያያቸው ደግነት ነው።

የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት ሜድስቶን አጠገብ ባለው ትልቅ ገበያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ጎማዋ ተንፍሶባት ቆማ ሳለ ያብስራ ደረሰ፤ ቀየረላት፤ ስልኳን ሳይጠይቅ ሄደ። እሷ ናት ተከትላ «ስምህን እንኳ አትነግረኝም?» ያለችው። ነርስ ናት፣ ለትምህርት ከነቀምቴ የመጣች። እናቷ በልጅነቷ ሞተዋል፤ አባቷ ጴንጤ ናቸው፣ አጥባቂ።

ያብስራ ደግሞ ከካርቱም በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣ፣ እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ላሊሴ መጀመሪያ እሱን ተከትላ ቅዳሴ ገባች። ኋላ ኋላ እሱ ሺፍት ሲኖረው ብቻዋን ትሄድ ጀመር። አንድ ቀን፣

«ልጠመቅ ነው» አለችው። «ከዚያ እንጋባለን። እስከዚያ ግን የኛን ነገር ለማንም እንዳትናገር፤ ለእናትህም ቢሆን። ለባል ብላ ተጠመቀች እንዲሉኝ አልፈልግም።»

ያብስራ ቃሉን ጠበቀ። ምነው ባልጠበቀ!

እናቱ እትዬ ወለተሥላሴ በየእሑዱ ከኋላ ብቻዋን የምትቆመውን ዝምተኛ ልጅ እያዩ አንጀታቸውን ትበላቸው ነበር። ልትጠመቅ መሆኑን፣ ዘመድም እንደሌላት ሲሰሙ ጊዜ አልፈጁም። «እኔ ክርስትና አነሳታለሁ፤ እናት ለሌላት እናት ልሁናት» አሉ። ያብስራ ይህን ሲሰማ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እናቱ ሳያውቁ ምራታቸውን አቀፉ፤ የሽምግልናው ግማሽ አለቀ ብሎ አሰበ። ያጠመቋት ካህን ከሌላ ከተማ የመጡ እንግዳ ነበሩ፤ ማን የማን እጮኛ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ፍቅርተ ማርያም ተባለች። ፎቶውን ያነሳው ራሱ ያብስራ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሏል እንዲህ ነው።

አባቷ ወሬው ነቀምቴ ሲደርስ ስልኳን ማንሳት አቆሙ። እሷም ቻለችው፤ ባልና እናት አግኝቻለሁ ብላ ተጽናናች።

ከፋሲካ በኋላ ሁለቱ ተያይዘው የደብሩ ካህን ቀሲስ አዛርያስ ዘንድ ሄዱ። በቁርባን መጋባት እንደሚፈልጉ ሲነግሯቸው ቀሲስ መረቋቸው፤ መዝገባቸውንም ከፈቱ።

«የክርስትና እናትሽ ማን ናቸው ልጄ?»

«የሱ እናት ናቸው አባ» አለች ላሊሴ፣ በኩራት።

ቀሲስ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «ክርስትና ያነሳች እናት እንደ ወለደች ናት። ልጇና ያነሳቻት ልጅ ከአንድ ማኅፀን እንደወጡ ይቆጠራሉ። እናንተ እንግዲህ እህትና ወንድም ናችሁ። እኔ ላጋባችሁ አልችልም፤ ሌላም ካህን አይችልም። ምነው ቀድማችሁ በነገራችሁኝ!»

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቢያድግም ይህን ሕግ ሰምቶ የማያውቀው ያብስራ መንገድ ላይ አለቀሰ። «ሬጂስትሪ ሄደን እንፈራረም» አላት። «ፊርማ ይበቃናል።»

«እናትህስ? ለምን በቤተ ክርስቲያን አላገባችሁም ሲሉ ምን እንላቸዋለን? በገዛ እጃቸው እንደለያዩን ቢያውቁ ይኖራሉ?» አለችው። «ደግሞ ያብስራ፣ ጥምቀቱን ላንተ ብዬ ጀመርኩት እንጂ አሁን የራሴ ሆኗል። አባቴን አጥቼበታለሁ። እሱንም አፍርሼ ብመጣ የምታገኘው ላሊሴን አይደለም።»

ለእትዬ ወለተሥላሴ እስከ መቃብር እንዳይነግሩ ተማማሉ። እሷም ከሜልበርን አራት ሰዓት ተኩል ርቆ በረዷማው ተራራ ሥር ያለ ሆስፒታል ሥራ ጠየቀች። ተቀበሏት።

እንግዲህ ለዚህ ነው ጎማ የፈለገችው።

ያብስራ መኪናዋን ዞሮ አየ። የሚያብረቀርቁት ሰፋፊ ቸርኬዎች አምና ለልደቷ እሱ የገጠመላት ናቸው።

«የኮሞዶር ሞተር የሚገፋው የኋላውን እግር ነው» አላት። «በረዶ ላይ እንዲህ ያለ መኪና ያስቸግራል።»

«ታዲያ ለኋላው ሁለት ጎማ ብገዛ አይበቃኝም?»

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ያስባል። ኋላው ብቻ ከያዘ ይገፋሻል እንጂ አይታጠፍልሽም። መሪውን ታዞሪያለሽ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ገደል ይገባል። ፍሬን ስትይዢም ዋናው ሥራ የፊተኞቹ ነው። አራቱም ይቀየራሉ።»

«እሺ፣ አራት።»

«ቸርኬውም ይቀየር። ሰፊ ጎማ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠበብ ያለው ሰንጥቆ መሬት ይይዛል። ትንሽ የብረት ቸርኬ አለኝ፣ ልክሽ ነው።»

አመጣላት። ጥቁር ነው፣ ጌጥ የለውም።

«አያምርም» አለች።

«አያምርም። ግን ያደርስሻል።»

ቀና ብላ አየችው፤ ከመጣች የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እሱም ጎንበስ ብሎ መፍቻውን ፈለገ፤ መፍቻው እጁ ላይ ነበር።

የጎማ ማሰሪያውን ዳዶ አንድ በአንድ እያቀበለችው አራቱንም እግር ገጠመ። ለአንድ እግር አምስት ዳዶ፣ በጠቅላላው ሃያ። ሌላ ቀን በማሽን ትርርር አድርጎ የሚጨርሰውን ሥራ ዛሬ በእጁ ያጠብቅ ነበር። መዳፏ መዳፉን ሲነካ ሁለቱም ትንሽ ይዘገያሉ፤ ከዚያ ሌላ ዳዶ ታነሳለች። ሃያው አለቀ።

«ለጎማው የበረዶ ሰንሰለት ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አድርጌያለሁ» አለ። «ያለሱ ተራራው ላይ አያሳልፉሽም። የምታስሪው ኋላ ላይ ነው። መቶ ኪሎሜትር ከሄድሽ በኋላ ዳዶዎቹን አስጠብቂ። በጋ ሲገባ ደግሞ ይህ ጎማ በሙቀት ያልቃል፤ የድሮዎቹን እዚህ አስቀምጥልሻለሁ፣ መኪናውን አምጪና እቀይርልሻለሁ።»

«የድሮዎቹን ጫንልኝ» አለች። «እዚያም ጎማ ቤት አለ፣ ያብስራ።»

ጫነላት። በሩን ከፈተላት፤ ገባች፤ መስተዋቱን ዝቅ አደረገች።

«መልመድ ስላለብኝ ነው» አለች። «ደህና ሁን፣ ወንድሜ።»

«እህቴ» ሊል አፉን ከፈተ። አልወጣለትም። መኪናዋ በሰሜኑ አውራ ጎዳና መታጠፊያ እስክትሰወር ቆሞ አያት፤ ጎማዎቹ መንገዱን ጥሩ አድርገው ይዘዋል።

እኩለ ቀን ላይ እናቱ ደወሉ።

«ፍቅርተን ሸኘሃት? ጎማዋን ቀየርክላት?»

«ቀየርኩላት እማዬ።»

«እሰይ፣ ተባረክ! እኔ እኮ እህት ሳልወልድልህ መቅረቴ ሁልጊዜ ይቆጨኝ ነበር። ይኸው ሥላሴ በስተርጅናዬ ሰጡኝ። ከወለድኩህ ወዲህ እንደዚያ ጥምቀት ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ያብስራ የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ስማኝ ልጄ፣ አባቷ እንደሆነ ተቀይመዋታል። ነገ አንድ ደግ ሰው አግኝታ ስታገባ ከጎኗ ቆመህ የምትድራት አንተ ነህ። ሌላ ማን አላት? ትሰማኛለህ?»

«እሰማሻለሁ።»

«በደስታ ነው የምትድራት፣ እሺ በለኝ!»

«እሺ እማዬ» አለ ያብስራ። «በደስታ እድራታለሁ።»