ሣልስቱ ያልሞላው አጥቂ

ማክሰኞ ማክሰኞ ረድኤት የተጫዋቾችን ጥላ ታጥባለች።

ሥራው ውሃ የለውም። በድሬዳዋ፣ ከስታዲየሙ ሥር ባለው ምድር ቤት ውስጥ፣ ሰፊ የመስተዋት ጠረጴዛ አለ። ጥላዎቹ አንድ በአንድ እየወጡ እዚያ ላይ ይቆማሉ፤ ቁመታቸው ከክንድ አይበልጥም። ጥላ የሚባለው የአንድ ተጫዋች ሕያው ቅጂ ነው፤ እንደ ባለቤቱ ይሮጣል፣ እንደ ባለቤቱ ይደክማል። ደጋፊዎች ዐሥራ አንድ ጥላ መርጠው የየራሳቸውን ቡድን ያቋቁማሉ፣ ቡድኖቹም እርስ በርስ ይገጥማሉ። የድሮ ሰዎች ፋንታሲ ሊግ ይሉት የነበረው ነው። ያኔ ነጥብ ብቻ ነበር፤ አሁን ጥላዎቹ ራሳቸው ይጫወታሉ።

የጥላን ችሎታ የሚወስነው ሰሚ ነው። ሰሚ ደጋፊዎች ጨዋታ እያዩ በሚሟገቱበት በየክርክር ቤቱ ጣሪያ ላይ የተተከለ ጆሮ ነው። ደጋፊዎች ስለ ተጫዋቾች የሚሉትን ሁሉ ይሰማል፣ የሰማውን በፊደል ይጽፋል፣ የጻፈውን ከጥላው ላይ ይለጥፋል። ካሜራ የማያየውን ተመልካች ያያል ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ነው። ችግሩ ተመልካች መሳደቡ ነው። ስለዚህ ረድኤት በየሳምንቱ ተቀምጣ "ከሱ የኔ አክስት ትሻላለች" የሚለውን ታነሳለች፣ "ወደ ግራ ሲዞር ይዘገያል" የሚለውን ትተዋለች። ስድብ ሲነሳለት ጥላው ትከሻውን ያራግፋል። አንዳንዱ ዘወር ብሎ ያያታል። መጀመሪያ ሰሞን ትደነግጥ ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።

ያን ቀን ጠዋት የኢዮስያስ ጥላ አልተንቀሳቀሰም።

ኢዮስያስ የከተማው ቡድን አጥቂ ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ። እሑድ ዕለት ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል። ረድኤት በጥላው ላይ የስድብ ክምር ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ግን አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ ከላይ እስከ ታች፦ ነፍስ ይማር። ነፍስ ይማር። ነፍስ ይማር።

ቀልድ መሆኑ ገብቷታል። አቋሙ ለወረደ ተጫዋች ሁሉም የሚለው ነው። ሰሚም ቀልድን ያውቃል፣ ከሳቅ ነው የሚለየው። እሑድ ግን ማንም አልሳቀም ነበር። ኳሷ ወደ ላይ ስትወጣ የአንድ ክርክር ቤት ሰው በሙሉ፣ በቀስታ፣ ሳይስቅ፣ እኩል ነፍስ ይማር አለ። ሰሚም ሰምቶ አመነ።

ጥላው እግሮቹን ገጥሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፊቱ የዛሬው የኢዮስያስ ፊት አይደለም፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ነው። ለሟች ክብር ሲባል ጥላው በምርጥ ቀኑ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ አያረጅም። ከእግሩ ሥር ደብዛዛ ጽሑፍ ይበራል፦ ሟች።

በሩ ተንኳኳ።

"እህቴ፣ ጥላ የሚጠገነው እዚህ ነው?"

"የሚታጠበው ነው" አለች ረድኤት ቀና ሳትል። ቀና ስትል ኢዮስያስ ነው። ከጠረጴዛው ላይ ካለው ይልቅ ጠቆር፣ ከሳ ያለ።

"ለልምምድ መጥቼ በሩ አልከፈት አለኝ። አሻራዬን ሳስነካው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ነፍስ ይማር።" ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ደግሞ በትሕትና።"

ጥላውን አየው። ረድኤት በእጇ ልትከልለው አስባ ዘገየች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ትንሹን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ጥላው ግን ወደሱ አላየም።

"ይሄ ጸጉር ነበረኝ እንዴ?" አለ በመጨረሻ።

ደንቡን አስረዳችው። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች የሞት ስህተት እስከ ሣልስት እንዲታረም ፈቅደዋል። በሦስተኛው ቀን፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መዝገቡ ይታተማል። ከዚያ በኋላ በአገሩ ያለ የስታዲየም በር በሙሉ በዚያ ስም አይከፈትም። እሷ ከዚህ ሆና ስድብ ታነሳለች እንጂ ሞት አታነሳም። ሞቱ በተነገረበት ክርክር ቤት ውስጥ፣ ጥላውን በቡድኑ የያዘ አንድ ደጋፊ ቆሞ መኖሩን መመስከር አለበት። የተጫዋቹ የራሱ ቃል አይቆጠርም፤ ሰሚ የተጫዋች ድምፅ እንዳይሰማ ተደርጎ ነው የተሠራው። ተጫዋች ስለ ራሱ ይዋሻል ተብሎ።

"አንድ ሰው ብቻ?"

"አንድ።"

"ቀላል ነዋ" አለ ኢዮስያስ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጥላው መለሰ። "እኔ ሌላ ሙያ የለኝም፣ እህቴ።"

ረድኤት መንገዱን ላሳይህ ብላ ተነሳች። እሷም ጥላውን በቡድኗ እንደያዘች አልነገረችውም። አራት ዓመት ሙሉ በዚያው ክርክር ቤት ከኋላ ጥግ ተቀምጣለች፣ አንድም ቀን ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ሰው ከበቃ፣ ያ ሰው እሷ መሆን አያስፈልጋትም ብላ አሰበች።

የጋሽ ተስፋልደት ክርክር ቤት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሙቀቱ መንገዱን ባዶ አድርጎታል፣ ቤቱ ግን ሞልቷል። በግድግዳው ላይ የጥላዎች የልምምድ ግጥሚያ ይታያል። የኢዮስያስ ጥላ እዚያም አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ያልተንቀሳቀሰው ጨዋታ ላይ እንደ ምርጥ ቀኑ ይሮጣል፣ ሁለት አግብቷል።

ኢዮስያስ ከፊት ቆሞ የመጣበትን ተናገረ። ሰዎቹ አዳመጡት። ማንም አልሳቀበትም። ያ ነው ረድኤትን መጀመሪያ ያስፈራት።

"አቦ ወንድሜ፣ ባንተ የመጣ ነገር አይደለም" አለ ቱራ። ቱራ የአየር ባጃጅ ነጂ ነው፣ ለወትሮው ሲናገር ጠረጴዛ ይመታል። አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጓል። "ግን ጥላህን እየው እስቲ። አይጎዳ፣ ቀይ አያይ፣ አያኮርፍ። ካፒቴን አድርጌዋለሁ። ካፒቴን ደግሞ ነጥቡ እጥፍ ነው።"

"እኔ ነኝ እኮ እሱ" አለ ኢዮስያስ።

"ነበርክ" አለች ወይንሸት። ወይንሸት የቤዝቦል ሰው ናት፤ በዱላ የሚመታውን ኳስ ሠላሳ ዓመት ስትከታተል ኖራለች። የእግር ኳሱና የቤዝቦሉ ሊጎች አንድ አዳራሽ መጋራት ከጀመሩ ወዲህ ነው እዚህ ቤት የገባችው። "በኛ ጨዋታ ችሎታ ማለት ቁጥር ነው። በሕይወት ያለ ሰው ቁጥሩ ይወርዳል። የሟች አይወርድም። ለቡድን ከዚህ የሚሻል ስልት የለም።"

"ያንቺ ጨዋታ ዱላ ይዞ መቆም ነው አቦ፣ ዘበኛም ይችለዋል" አለ ቱራ። "ችሎታ በዓይን ነው የሚታየው። ያንን ግራ እግር ያየ ሰው ቁጥር አይጠራም።"

"ዓይንህ እሑድ የት ነበር?"

"እሑድ የመታው እሱ አይደለማ። ይሄ ሰውዬ ነው።"

ክርክሩ ጋለ። የኢዮስያስ ግራ እግር ይበልጣል ወይስ ቀኝ፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ነበር የበሰለው ወይስ በሃያ ስድስቱ፣ ከኋላው ማን ቢሰለፍ ይሻላል። ሁሉም ይወዱታል። እያንዳንዱን ጎሉን ያስታውሳሉ። ነበር፣ ነበር፣ ነበር። ኢዮስያስ በመካከላቸው ቆሞ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ያያል፤ አንዳንዴ ይናገራል፣ ሲናገር በአክብሮት ዝም ይሉለታል፣ ሲጨርስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንዴ ከጥግ ኳስ አንስቶ ማንጠር ጀመረ። ሰባተኛው ላይ ወደቀችበት። ሁሉም ዓይናቸውን ሰበሩ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሲያለቅስ እንደሚደረገው።

"እባክህ ትንሽ ፈቀቅ በልልን" አለው አንዱ። "ጥላውን ከለልክብን።"

ፈቀቅ አለ።

ጋሽ ተስፋልደት፣ የቤቱ ባለቤት፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ማንንም አስቀይመው አያውቁም። ረድኤት አሁን እሳቸው ይመሰክሩለታል ብላ ትንፋሿን ለቀቀች። የኢዮስያስን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ" አሉት። "ትልቅ ተጫዋች ነው ያጣነው።"

ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

ሰዓቱ ለዐሥራ አንድ አምስት ደቂቃ ጉዳይ ሆነ። በግድግዳው ላይ ጥላው ሦስተኛ ጎል አግብቶ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ውስጥ እያየ ነው። ሰዎቹ ደግሞ ፊታቸው ሁሉ ወደዚያ ዞሯል። ረድኤት አንድ ሰው ከተቀመጡት መካከል እንዲነሳ ጠበቀች። እያንዳንዱም ሌላውን እየጠበቀ ይሁን አይሁን ለማወቅ ፊታቸውን አየች። ማንንም አይጠብቁም።

ተነሳች። ወንበሯ ወለሉ ላይ ጮኸ፣ ሃምሳ ሰው ዞረ።

"ጥላውን ይዤዋለሁ" አለች፣ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። "ኢዮስያስ አለ።"

አጥብቃ ነው ያለችው፤ መኖሩን ለማለት እንጂ ሌላ ትርጉም አልነበራትም። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰውም እንደዚያ ነው የሰማው። ሰሚ ግን የሰማውን ጽፎ፣ የጻፈውን ነው የሚያነበው። ፊደላችን ደግሞ የጠበቀውንና የላላውን ለይቶ አይጽፍም። ሁለቱ ቃላት ግድግዳው ላይ ወጡ፦ ኢዮስያስ አለ። ሰሚ ትንሽ ቆየ። የዓረፍተ ነገሩ ግማሽ እንደቀረ ቆጥሮ ከሥሩ ጥያቄ ጻፈ፦

ምን አለ?

ቱራ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሦስት ሰዓት ያህል መካከላቸው ቆሞ ሲናገር የዋለ ሰው ነው፤ ከተናገረው አንዲት ቃል ለመጥራት ግን የቻለ አልነበረም። ረድኤትም ሞከረች። አራት ዓመት በሙሉ ስለዚህ ሰው የተባለውን ሁሉ በእጇ ነክታለች፣ ስንቱን ሺህ ዓረፍተ ነገር። አንዱም የሱ አልነበረም።

ስህተቱን ማረም ቀላል ነበር። "በሕይወት" የምትል አንዲት ቃል ከፊት ብትጨምር ሰሚ ይገባዋል። ቃሏ ምላሷ ላይ ደርሳለች። ሁለት ደቂቃ ቀርቷል።

ወደ ኢዮስያስ ዞረች።

"ምን አልክ?" አለችው።

ጥያቄው ለሱ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት።

"ጉልበቴን ያመኛል" አለ። "የግራውን። ከጥር ጀምሮ።"

"ጉልበቴን ያመኛል፣ አለ" አለች ረድኤት ወደ ጣሪያው። "የግራውን። ከጥር ጀምሮ።"

ሰሚ ጻፈው። ከዚያ ለአፍታ ምንም አልሆነም። የሚያመው ሰው አልሞተም ብሎ ለመድረስ ለመሣሪያው ያን ያህል ጊዜ ፈጀበት። በግድግዳው ላይ ጥላው የገጠማቸውን እግሮች አለያየ። የግራ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ክብደቱን ወደ ቀኝ ጣለ። ፊቱ ጠቆረ፣ ከሳ፣ ስድስት ዓመት ባንድ ትንፋሽ አለፈበት። ሟች የሚለው ጽሑፍ ጠፋ። ከመሀል የተላከለትን ኳስ ለመድረስ ሞከረ፤ እያነከሰ ነበር፣ አልደረሰባትም።

መጀመሪያ አንድ ጣት ቡድን የሚመረጥበትን የመስተዋት ሰሌዳ ሲነካ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ብዙ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ዝናብ። ጥላውን ከየቡድናቸው እየሸጡት ነበር።

"ይቅርታ ወንድሜ" አለ ቱራ፣ ራሱን ከሰሌዳው ቀና ሳያደርግ። "በዚህ ጉልበት ካፒቴን አትሆንም።"

"አውቃለሁ" አለ ኢዮስያስ።

ረድኤት አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን በመዳፉ እያሸ የሰዎቹን ጣቶች ድምፅ ያዳምጣል። ቆይቶ ወደሷ ሰሌዳ አየ። ስሙ እዚያ ላይ ነበር።

"አንቺም ሸጥሽኝ እንዴ?"

"ገና" አለች ረድኤት። ጣቷ ከስሙ በላይ ቆሞ ነበር።