ዝም ያላለው ጡንቻ

ሟቹ ማክሰኞ ቀን ቢሮው ውስጥ ወንበሩን ተደግፎ፣ ዓይኖቹ ግማሽ ብቻ ተከድነው ተገኘ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነበር፤ ሠራተኞቹ ከኋላው «ነጎድጓድ» ይሉታል። የስኳር ሕመምተኛ ስለነበር ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ ኢንሱሊኑን ራሱ ይወጋል። ረቡዕ ጠዋት ግን ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ኢንሱሊን ሳይሆን ኩራሬ የሚባል መርዝ መሆኑ ታወቀ። ወሬው ለቴክኒሻኗም ደረሳት። ኩራሬውን ከቤተ ሙከራው ቁም ሳጥን ለመጨረሻ ጊዜ ያወጣችው እሷ ነበረች።

መርማሪዋ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጉንፋን ያልለቀቃት ሴት ናት። መሃረቧ ውስጥ እያነጠሰች ስለምትጠይቅ ሰው ይንቃታል፤ ሲንቃት ደግሞ ያወራላታል። መጀመሪያ ቴክኒሻኗን የእንቁራሪት ጡንቻ ከሚለካበት መሣሪያ ፊት አስቀምጣ፣ ሥራውን ለልጅ እንደምትነግር አድርጋ እንድታስረዳት ጠየቀቻት።

«ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው በኬሚካል ነው» አለች ቴክኒሻኗ። «አሴቲልኮሊን ይባላል። ጡንቻው ላይ እሱን የሚቀበሉ ጥቃቅን በሮች አሉ። በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ይገባል፤ መሣሪያው ያንን ወረቀት ላይ ጉብታ አድርጎ ይስለዋል። ነርቩ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ እንኳ ትንንሾቹ ጉብታዎች አይቋረጡም።»

«ኩራሬ ሲጨመርስ?»

«በሮቹን ይቆልፋል። ጉብታው ይጠፋል፤ ጡንቻው ዝም ይላል።»

«ሰው ላይስ?»

«መጀመሪያ የዓይን ቆብ ይወድቃል። ከዚያ አንደበት፣ ከዚያ እጅ። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ።»

ስለ አእምሮ አልጠየቀቻትም፤ እሷም አልነገረቻትም። ኃላፊውን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳየችው ስትጠየቅ፣ ማክሰኞ ስድስት ከሃያ ላይ በበሩ መስታወት እንዳየችው፣ ያንቀላፋ መስሏት እንዳልቀሰቀሰችው ተናገረች።

መርማሪዋ የሥራ ደብተሩን ገለጠች። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ሦስት ሰው ዘንድ ነው፦ ሟቹ፣ ምክትሉና ቴክኒሻኗ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ምክትሉ በመርዙ ሠርቷል፤ ጡንቻው ዝም ብሏል። ሰባት ሰዓት ላይ ለስብሰባ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ የተመለሰው ሬሳው ከተገኘ በኋላ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ በቴክኒሻኗ እጅ «መርዙ ተጨመረ፤ በአምስት ደቂቃ ጡንቻው ዝም አለ» ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ በስምንት ሰዓት መርዙ ገና በቁም ሳጥኑ ጠርሙስ ውስጥ ነበረ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ምክትሉ መንገድ ላይ ነው።

ያ መስመር ውሸት ነበር። ሰኞ ዕለት ጡንቻው ዝም አላለም፤ ጉብታው እንዳለ ቀጠለ። ነጎድጓድ ከሳምንት በፊት ሌላ ሙከራ ብታበላሽ ከአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ እንደሚያባርራት ምሎ ነበር። ጥፋቱ የእጇ መስሏት ደብተሩ ላይ ዋሸች፤ እውነተኛውን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አሁን ዝም ብትል እስር ቤት ነው፤ ብትናገር ደግሞ ደብተር ላይ የዋሸን ሰው የትኛውም ቤተ ሙከራ ዳግመኛ አይቀጥረውም። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ያን ሁሉ ዓመት የሸሸችው ነገር እግሯን ይዟታል። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ መዳፏን ደጋግማ በጋዋኗ ጠረገች።

ምክትሉ ተራው ደርሶ ሲጠየቅ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ድምፁ ያዘነ ሰው ድምፅ ነው።

«ልከሳት አልፈልግም» አለ። «ግን ሰኞ ጡንቻው እምቢ ብሏት፣ ሙከራው ተበላሽቶባት ነበር። ኃላፊው ደግሞ አይምርም። ፈርታ ይሆናል።»

መርማሪዋ አነጠሰች፣ አመሰገነችውና ደብተሩን ይዛ ወጣች። ቴክኒሻኗ አጠገብ ተቀመጠች።

«ደብተሩ ጡንቻው ዝም አለ ይላል፤ ምክትሉ እምቢ አለ ይላሉ» አለቻት ቀስ ብላ። «ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።»

ቴክኒሻኗ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ደብተሩ» አለች፤ ወረቀቱንም አወጣች።

«ምነው ቀዳደሽ አልጣልሽውም?»

«የመሣሪያ ቀረጻ አይቀደድም» አለች አቀርቅራ።

መርማሪዋ ሳቅ አለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ግን ጉንፋን ስላለብኝ እስኪያድር አልጠብቅም። ሁሉንም ጥሪልኝ።»

ከሰዓት በኋላ የሟቹ ሚስት፣ ምክትሉና ቴክኒሻኗ በመሣሪያው ዙሪያ ተቀመጡ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። መርማሪዋ ወረቀቱን ዘረጋች።

«ቀኑንና ሰዓቱን መሣሪያው ራሱ አትሞታል፤ ሰኞ፣ ስምንት ሰዓት። ጉብታው አልጠፋም። ስለዚህ መርዙ ከስምንት በፊት ተሰርቋል፤ በቦታው ሌላ ፈሳሽ ተሞልቷል። የቧንቧ ውኃ ቢሆን ጡንቻው ያብጥ፣ ጉብታውም ይበላሽ ነበር። ይህ ግን ምንም አልነካውም፤ የተሞላው እዚህ ጡንቻው የሚቀመጥበት የጨው ውኃ ነው። እመቤቴ፣ ሰኞ ጠዋት አዲሱን ኢንሱሊን ያመጡት እርስዎ ነዎት። የባልዎን ቁልፍ ወስደው ቢሆን እንኳ ይህን ውኃ ከየት ያውቁታል?»

ሚስቲቱ ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ እሷው አይደለችም?» አለ ምክትሉ ወደ ቴክኒሻኗ እያመለከተ።

«መርዝ እንደሌለው እያወቀች ጠርሙሱን ለምን ትሞክረዋለች? እርስዎ ግን ሙከራው መበላሸቱን ከየት ሰሙ?»

«ኃላፊው በስልክ ነገረኝ።»

መርማሪዋ ደብተሩን አዞረችለት። ከውሸቱ መስመር ሥር ሟቹ በዚያው ምሽት «አይቻለሁ፤ ጥሩ ነው» ብሎ ፈርሟል።

«እሳቸው የተሳካ መስሏቸው ነው የሞቱት። መበላሸቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እና ጠርሙሱ ውስጥ የጨው ውኃ መኖሩን የሚያውቅ ሰው። ሰኞ ኃላፊው ስድስት ሰዓት ላይ ከተወጉ በኋላ፣ በሰባት ከመሄድዎ በፊት፣ የኢንሱሊኑን ጠርሙስ አራግፈው መርዙን ሞሉበት።» ከሟቹ መሳቢያ የተገኙ፣ ምክትሉ የፈረመባቸው ሁለት ቀረጻዎችንም አስቀመጠች። ከሁለት የተለያዩ እንቁራሪቶች የተወሰዱ ናቸው ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ጉብታቸው ግን አንድ በአንድ ይገጥማል። ወደ ቴክኒሻኗ ዞረች። «ይህ ይሆናል?»

«አንዱ እንቁራሪት እንኳ ሁለቴ አንድ ዓይነት አይስልም።»

«ኃላፊው ይህን ማጭበርበር ደርሰውበት ነበር» አለች መርማሪዋ። ምክትሉ ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ቴክኒሻኗ ከግድያው ነጻ ሆናለች፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ሚስቲቱ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«አልተሰቃየም አይደል፣ ልጄ? ተኝቶ ነው ያለፈው?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። መርማሪዋም የምትጠይቃት ነገር አልቀራትም።

«አልተኙም ነበር፣ እትዬ» አለች ቴክኒሻኗ። «ኩራሬ ጡንቻን እንጂ አእምሮን አይቆልፍም። ያንቀላፉ መሰለኝ ያልኩት ውሸት ነው፤ በመስታወቱ ሳያቸው ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ገብቼ ቢሆን፣ ሐኪም እስኪመጣ ትንፋሽ ብሰጣቸው፣ ይተርፉ ይሆናል። ስለ ሰኞ እንዳይጠይቁኝ ፈራሁና በእግሬ ጣት ተመለስኩ።»

ሚስቲቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንባዋ በጉንጯ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር» አለች፣ «እኔም ሳላንኳኳ የተመለስኩበት ቀን ይበዛል።»