አንድ ማስነሻ፣ ሁለት ክፍል

ኤሌክትሪክ የዘረጋው ሰውዬ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ አርሂባ በተባለው የወደብ ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን ያሉት የሁለቱ ክፍሎች ቬንትሌተር ማብሪያ አንድ ብቻ ነበር። እሱም ያለው ዮሳዲቅ ክፍል ውስጥ ነው። የወዲያኛው ክፍል ተከራይ ቀጸላ ሙቀቱ ሲብስባት ግድግዳውን ታንኳኳለች።

«አስነሳው እባክህ!»

«ምን ትሰጪኛለሽ?»

«ሻይ!»

ፍቅራቸው በዚህ ተጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዮሳዲቅ ወደ የመን የሚያሻግረውን ጀልባ እየጠበቀ ወደቡ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። እሷ ላቦራቶሪ ውስጥ የአይጥ ጂን፣ ማለትም ዘረመል፣ ታጠናለች።

«ጂን?» አላት አንድ ቀን ደጃፍ ተቀምጠው። «አከራያችን ናዒማ እንዳትሰማሽ፤ አጋንንት የምትጠሪ መስሏት ከነዕቃሽ ታስወጣሻለች!»

ቀጸላ ሳቀች። «እንደ እኛ ቤት ማለት ነው። በአጥቢ እንስሳት ውስጥ ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ጎረቤት ጂኖች አሉ፤ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ይነበባል። መሃላቸው ያለው ማስነሻ ግን አንድ ነው።»

«ስለዚህ አንዱ ሲነሳ ሌላውም ይነሳል?»

«ብዙ ጊዜ። አንዳንዴ ግን አንዱ ሲነሳ ሌላው ዝም ይላል።»

ፈገግታው ጠፋ። ዓይኗን ሽሽት መሬት መሬት አየ።

«ጀልባው ተገኝቷል። ነገ ንጋት ላይ እነሳለሁ።»

ያ ባሕር ስንቱን እንደበላ ታውቃለች። እናቱ የእሱን እጅ እንደምትጠብቅም ታውቃለች። ትወደዋለች፤ «አትሂድ» በማለት ፈንታ ግን ሻይ ቀዳችለት።

ንጋት ላይ ሲሄድ እንደ ልማዱ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ለናዒማ ሰጣት።

ቀጸላ የዚያን ቀን ሥራ አልገባችም። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣ ባሕሩ ላይ ጀልባውን ምን እያደረገው ይሆን እያለች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትበረግጋለች። ላቧ ይንጠፈጠፋል፤ የቆመውን ቬንትሌተር ቀና ብላ ማየት ፈራች።

ከሰዓት በኋላ ቬንትሌተሩ ተንቀጠቀጠና መዞር ጀመረ።

ክው አለች። የናዒማ ጂን ነው እንዴ? ወይስ ናዒማ ክፍሉን ለሌላ ተከራይ እያሳየች ነው? ሌላ ሰው «አቤት» እንዳይላት ፈርታ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ግድግዳውን አንኳኳች።

«ማነው?» አለች።

ከግድግዳው ማዶ የምታውቀው ድምፅ ሰልሎ መጣ።

«እኔ ነኝ።»

«ጀልባውስ?»

«ጀልባውማ ተነሳ። እኔ ነኝ ብቻዬን መነሳት ያቃተኝ።»