ወደ ቀኝ የምትስብ መኪና

«መሪውን ልቀቀውና እጅህን አሳየኝ» አለ የጩጬ አባት።

ወንድሟ ሁለቱንም እጆቹን ከመሪው ላይ አንስቶ ወደ ላይ ያዘ። መኪናዋ ለትንሽ ጊዜ ቀጥ ብላ ሄደችና እንደ ልማዷ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረች። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ጩጬ የመንገዱ ዳር ቦይ ወደ እነሱ ሲቀርብ አየች። አባቷም ያየዋል። ትልቁ ጎማ የቦዩን ጠርዝ ሊረግጥ ሲል ነው «ያዘው እንግዲህ፤ ልትገለብጠን ነው?» ያለው።

ወንድሟ መሪውን ሲጠመዝዝ የጩጬ ጭንቅላት ከመስኮቱ ጋር ተጋጨ። ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

«መኪናዋ ጤነኛ ናት» አለ አባቷ። «ሸፋፋው ነጂው ነው።»

ስሙ በዚያው ወጣ። ጋራዥ ሲመለሱ አባቷ «ሸፋፋው፣ ክሪኩን አምጣ» አለ፤ ቀለም ቀቢው ሰምቶ በሳቅ ፈረሰ፤ በማግስቱ ጎረቤት ያለው የመለዋወጫ ነጋዴ ሳይቀር በዚሁ ስም ይጠራው ጀመር። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ የሚወድ ሰፈር ነው።

መኪናዋ የአንድ አስጎብኚ ናት። ሰውየው እንግዶች ጭኖ ገደል በበዛበት የተራራ መንገድ ስለሚወጣ ከመሬት ከፍ እንድትልለት ፈልጎ ነበር። ረጃጅም ሞላዎች ገቡላት፣ ትልልቅ ጎማዎች ተገጠሙላት፣ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘውን አክስል ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ አጥንት ጋር የሚያያይዙት ሁለት ክንዶች ደግሞ ዝቅ ብለው እንደ አዲስ ተበየዱ። ብየዳው የአባቷ ነው። ሌላው ሁሉ የወንድሟ። መኪናዋ ሥራዋ አልቆ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ቀኝ ቀኝ ማለቷን አልተወችም።

የአባቷን ብየዳ ማንም በክፉ አያነሳውም። ለእጁ ብለው ከከተማው ሌላ ጫፍ የሚመጡ ደንበኞች አሉት። ስለዚህ ጥፋቱ ወንድሟ የነካው ነገር ላይ መሆን ነበረበት፤ እሱም አምኖ ይፈልገው ጀመር። የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያየራቸው፤ ችግሩ የጎማ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ አሁን ወደ ግራ መሳብ ነበረባት። ወደ ቀኝ ሳበች። በክሪክ አንስቶ ጎማዎቹን በእጁ አሽከረከራቸው፤ የያዘ ፍሬን የለም። መንገዱ ወደ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ ይሆናል ብሎ በወዲያኛው በኩል ነዳት። ያው ናት። የመሪውን ዘንጎች ፈታ፣ ገጠመ፣ ደግሞ ፈታ። አባቷ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ከላዩ ይቆምና ደንበኛ በተሰበሰበበት «ዛሬስ ምን አበላሸህልን?» ይለዋል።

ረቡዕ ዕለት የመጨረሻውን ተናገረ። ነገ ከሰዓት በኋላ አስጎብኚው ሲመጣ መኪናዋ ካልተስተካከለች ወንድሟ ቱታውን አውልቆ ይሂድ፤ ከጋራዡ ብቻ አይደለም፣ ከቤትም።

«ሁለት ጠማማ አልቀልብም» አለው። «አንዷን ባለቤቷ ይወስዳታል። አንተን ማን ይወስድሃል?»

ወንድሟ እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ በጨርቅ ይወለውል ነበር፤ ቁልፉ ግን ንጹሕ ነው።

ጩጬ ይህን ሁሉ ከባልዲዋ አጠገብ ሆና ሰማች። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሥራዋ ብሎን በጋዝ ማጠብ ነው። ሌላ ነገር ልንካ ካለች አባቷ «ሂጂና አጥኚ» ብሎ ይገላግላታል። እሱ ስለ እሷ ያለው ሐሳብ ከዚህ አያልፍም፤ እሷ ግን ብየዳ ሲበይድ ከርቀት ቆማ እያየች ነው ያደገችው።

አመሻሽ ላይ ወንድሟና ሠራተኞቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ባልዲዋን ይዛ በመኪናዋ ጎን አለፈች። አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። በግራ በኩል በፊት ጎማውና ከኋላው ባለው የመኪናዋ አካል መሃል ቡጢዋ ይገባል። በቀኝ በኩል ሞከረች፤ ቡጢዋ አልገባ አለ። ባልዲዋን አስቀምጣ ከመሳቢያ የብረት ሜትሩን አመጣች። መንጠቆውን የኋላ ጎማው መሃል ላይ አስይዛ እስከ ፊተኛው ጎማ መሃል ለካች፤ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ። የቀኙ በአውራ ጣት ውፍረት ያህል ያንሳል። ዓይኗን አላመነችም፣ ደገመችው፣ ያው ነው።

ከመኪናዋ ሥር ገባች። የቀኙ ክንድ የተበየደበት ቦታ ከግራው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሏል። ብየዳው ያምራል፤ አባቷ እንደዚህ ነው የሚበይደው። ቦታው ነው የተሳሳተው። የቀኙ ጎማ በዚያ ልክ ወደ ኋላ ሸሽቶ የፊቱ አክስል በሙሉ ወደ ቀኝ ዞሮ ተቀምጧል። ወንድሟ ዓመት ሙሉ መሪውን ቢፈታ ቢገጥም የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ከሥሯ ተንፏቅቃ ወጥታ ሮጠች። አባቷ ከቢሮው ጀርባ ባለው ቧንቧ እጁን ይታጠብ ነበር፤ እየተንተባተበች ነገረችው። ጥፋቱ የማንም ይሁን ተገኘ ብላ ነው የሮጠችው። እሱ ሳሙናውን እስከ ክንዱ ድረስ ማሸቱን አላቋረጠም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ብየዳውን ነዋ። መጀመሪያ ቀን የነዳኋት ጊዜ ነው የገባኝ።»

እንደ ተራ ነገር አስረዳት። አስጎብኚው በገደል የሚነዳ ሰው ነው፤ ክንዱ ተሳስቶ ተበየደ የሚል ወሬ ከወጣ የአስጎብኚ መኪና በዚህ በር አይገባም። ነገ ልጁ ነው ያበላሸው ይለዋል፤ ጥቂት ቀን እንዲጨምርለት ይለምነዋል፤ ከዚያ ራሱ ቆርጦ መልሶ ይበይደዋል። ወንድሟም ትንሽ ውጭ አድሮ ይመጣል፤ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ልጅ ተሰደበ ብሎ አይሞትም፣ ጋራዥ ግን ይሞታል አላት።

ከዚያ እጁን እንኳ ሳያደርቅ ጭንቅላቷን ዳሰሳት።

«የእኔን ዓይን የወረስሽው ለካ አንቺ ነሽ። ያ ደደብ ስንት ጊዜ ሥሯ ተኝቶ አላየውም። ከሰኞ ጀምሮ ብየዳ አስተምርሻለሁ። ይቺን ነገር ግን እኔና አንቺ ብቻ እንወቃት።»

ደስ አላት። መደሰቷ አሳፈራት፤ ቢሆንም ደስ አላት።

ራት በልተው ሲያበቁ ወንድሟ ልብሶቹን በፌስታል ሲከት አገኘችው። የጣቶቹ ቆዳ ተልጧል። ስትመለከተው ሊያጽናናት ፈገግ አለ፤ ማን ያውቃል፣ ነገ ቀጥ ትል ይሆናል አላት። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ጩጬ የቤት ሥራ አለብኝ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ አስጎብኚው መጣ፤ መኪናዋን አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰና ፊቱን አጨፍግጎ ወረደ። አሁንም ትስባለች። አባቷ ይህን ሲጠብቅ ነበር። ወንድሟን በክንዱ ይዞ ከሰውየው ፊት አቆመው።

«ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ ይህን የምታየውን እኔ ነኝ የወለድኩት» አለ። ቀለም ቀቢው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በል ንገረው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት በለው።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ ወንድሟ። ፊቱን ስታይ ጩጬ ገባት፤ ፈርቶ አልነበረም ያለው። አምኖበታል።

ሜትሩን አመጣች። ብቻዋን መለካት ትችል ነበር፤ ግን ሄዳ ጫፉን ወንድሟ እጅ ውስጥ ከተተችና የኋላውን ጎማ መሃል እንዲይዝላት ነገረችው። አባቷ በለሆሳስ «ጩጬ፣ ነይ ከዚያ» አላት። እሷ ግራውን ለካች። ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች። ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ያንንም አነበበች። አስጎብኚው የሰማውን ለማመን እጁን መሬት ላይ ተክሎ ከመኪናዋ ሥር አጮለቀ። ሲነሳ ጉልበቱን እንኳ አላራገፈም።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ብየዳ አይደለም እንዴ?»

አባቷ የሚያየው ጩጬን ነበር፤ ዓይኑ ላይ ትናንት የነበረው ነገር ሁሉ የለም። ቀለም ቀቢው ሥራ እንዳለው ድንገት ትዝ ብሎት ወደ ጓዳ ገባ።

ወንድሟ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘ አልተነሳም።

«መቼ ነው ያየሽው?» አላት።

አሁን ብትለው ማንም አይጠረጥርም። ከአባቷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አባቷ ደግሞ አፉን አይከፍትም፤ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ እየጠበቃት ነው። አሁን ልትል ከንፈሯን ከፈተች።

«ትናንት» አለች። «አባዬ ደግሞ ከመጀመሪያ ቀን።»

«ማታ ልብሴን ስከት?»

«አውቅ ነበር።»

ወንድሟ ጥቂት አያትና ጫፉን ለቀቀው። የተወጠረው ብረት ተወርውሮ ተመለሰና ጣቷን ቀደዳት። እሱ ቱታውን እዚያው አውልቆ መሬት ላይ ጣለው፤ ፌስታሉን ከቢሮው አንስቶ በትልቁ በር ወጣ። አባቷ አልጠራውም። እሷም አልጠራችውም።

አስጎብኚው የቀኙን አንድ ጊዜ ደግመሽ አሳይኝ አላት። ጩጬ ደሙን በቀሚሷ ጠረገች። የሚይዝላት ሰው ስላልነበረ መንጠቆውን ራሷ የኋላው ጎማ መሃል ላይ አስይዛ ሜትሩን እየሳበች ወደ ፊት ሄደች።