የሦስተኛው ፉርጎ ፍሬን

ከአዳማ ድሬዳዋ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ሐዲድ ሳይነካ፣ በማግኔት ተንሳፎ በሃምሳ ደቂቃ ይደርሳል። መንገደኛው በዚህ መገረም ካቆመ ቆይቷል፤ አሁን የሚያማርረው በሻዩ መቀዝቀዝ ነው።

በዚያ ሳምንት ግን ባቡሩ መተሐራን እንዳለፈ፣ ያለ ምክንያት ሦስት ቀን በተከታታይ ፍሬን ያዘ። በአራተኛው ቀን ኢንጂነር ምንትዋብ ነገሩን ልታጣራ ሦስተኛው ፉርጎ ውስጥ፣ ወንበር ዐሥራ አራት ላይ ተቀመጠች። «ነቂ ወንበር» የተባሉትን መቀመጫዎች የሠራቻቸው እርሷ ናት። የተቀመጠባቸውን ሰው ክብደትና የልብ ምት እያነበቡ ባቡሩን ለሚነዳው ማሽን ይነግራሉ። ሰው ሁሉ ባንዴ ከተነሣ ማሽኑ አደጋ መጣ ብሎ ባቡሩን ያቆማል።

መተሐራ እንዳለፈ ከዘራ የያዙ አዛውንት ወደ ሻይ ቤቱ ፉርጎ ሊሻገሩ ገቡ። ስልሳ ሰው ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዜር፣ በእግዜር፤ ተቀመጡ።»

ባቡሩ ተንገጫግጮ ቆመ። ምንትዋብ ሳቋ መጣ። ወንበሮቹን ስትሠራ እሳትም፣ ጭስም፣ መገልበጥም አስባ ነበር። ሽማግሌ ግን አላሰበችም።

ሳቋ ብዙ አልቆየም። የባቡሩ አስተዳደር ወዲያው ቁርጡን ነገራት፤ ነገ ከደገመው አገልግሎቱ ይዘጋል።

አዛውንቱ ጋሽ ዘርጋው ይባላሉ። ድሬዳዋ ሆስፒታል የተኙ ባለቤታቸውን በየቀኑ ይጠይቃሉ።

«ጥፋቱ የኔ ከሆነ ሻዩ ይቅርብኝ፣ ልጄ» አሏት። «ባቡሩ ከቀረ ግን እሷን የማየው በሳምንት አንዴ ነው።»

«ግድ የለም ጋሼ፣ ነገም ሻይዎን ይጠጡ። ማሽኑን እኔ አስተምረዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከሠርግና ከለቅሶ ቤት የተቀረጹ ሦስት ሺህ ምስሎች ለማሽኑ አሳየችው። የፈራ ሰው ልቡ እየመታ ወደ በር ይሮጣል፤ ያከበረ ሰው ተነሥቶ ተመልሶ ይቀመጣል።

በማግስቱ ጋሽ ዘርጋው ገቡ። የፉርጎው ሰው ብድግ አለ፤ ባቡሩ አልቆመም። ምንትዋብ በዚያው ወንበር ላይ ሆና፣ ዓይኗን ከስክሪኗ ሳትነቅል እፎይ አለች።

ወዲያው ፍጥነቱ መውረድ ጀመረ። አራት መቶ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ፣ ሦስት መቶ አርባ። ወንበሮቹን በስክሪኗ ላይ አንድ በአንድ ቃኘች። ሁሉም ወንበር «ደኅና» ይላል፤ አንዱ ብቻ ቀይ ሆኗል።

ከወንበሯ ራስጌ ለእርሷ ብቻ የሚሰማ፣ ዝግ ያለ የማሽኑ ድምፅ መጣ።

«ወንበር ዐሥራ አራት፣ ሁሉም ሲነሣ እርስዎ አልተነሡም። አሞዎት ይሆን? ሐኪም እንዲደርስልዎ ልቁም?»

ምንትዋብ አፈረች። ስክሪኗን አስቀምጣ ተነሣች።

«ኖር፣ ጋሼ።»

«በእግዜር፣ ልጄ።»

ባቡሩ ፍጥነቱን መለሰ። ድሬዳዋ በሰዓቱ ደረሱ። በሪፖርቷ ላይ «የተገኘ ብልሽት» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጻፈች፤ «ወንበር ዐሥራ አራት ላይ የተቀመጠችው ሴት።»