የሰካራሙ ሁለተኛ ዓይን

በሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ መሪጌታ ይገዙ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ሬዲዮናቸውን በወገባቸው ሰክተውና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ዋሽንግተን ከተማ ካሉት ታላላቅ የሥዕል ቤተ መዘክሮች በአንዱ ጣዖት ይጠብቁ ነበር። ጣዖቱ ባኮስ ይባላል፤ የጥንት ሮማውያን የወይን ጠጅ አምላክ ብለው ያመለኩት ነው፤ አምልኮው ከጠፋ ከሺህ ዓመት በኋላ የኢጣሊያና የፍላንደርስ ሠዓሊዎች እንደገና አነሡትና፣ አንዱ ነብር በተጠመደበት ሠረገላ ላይ አስቀመጠው፤ ሌላው ቦርጩን ነፍቶ በበርሜል ላይ አፈናጠጠው፤ ሌላውም የወይን ሐረግ አክሊል ደፍቶለት ከገበሬዎች ጋራ አስጠጣው። ከአውሮፓ በውሰት የመጡ ዐሥራ ዘጠኝ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በአንድ አዳራሽ ለሦስት ወር ተሰቅለው ነበር፤ አዳራሹን የመጠበቁ ተራ ለመሪጌታ ደረሰ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወዳጆቻቸው ይህን ሲሰሙ፣ «ድጓ የዘለቀ ሰው በስተርጅና የባኮስ ዘበኛ ሆነ» እያሉ አሾፉባቸው፤ እርሳቸውም አብረው ሣቁ።

መሪጌታ ከዜማው ሌላ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጎንደር አገር ከአንድ አለቃ እግር ሥር ቁጭ ብለው የተማሩ ሰው ነበሩ፤ አውሮፓውያኑ በቀለም አገባባቸው ቢያስደንቋቸውም፣ በሕግ አልባነታቸው ያበሽቋቸው ነበር። በዚያ ቀን በምሳ ሰዓት አንድያ ልጃቸው ሄኒ ሊጠይቃቸው መጣ። ሄኒ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጐልማሳ ነው፤ ስካይላይን ፎቅ ላይ ተከራይቶ ይኖራል፤ አናንዴል በሚገኝ ሱፐርማርኬት መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ይጠጣልም። ከሁሉም ትንሹ ሥዕል ፊት ሄዶ ቆመ፤ ስሙ ያልታወቀ የኔፕልስ ሠዓሊ የሣለው፣ ፊት ለፊት የሚያይ፣ ከንፈሩ የገረጣ፣ በራሱ ላይ ያለው ቅጠል የጠወለገ ወጣት ባኮስ ነው።

«አባባ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ሲክ ነው፤ አሞታል» አለ ሄኒ። «ፓርቲ ላይ ነው ይላሉ እንጂ፣ ዓይኑን እየው። ሄልፕ የሚፈልግ ነው የሚመስለው።»

«የእጁን ነው ያገኘው» አሉ መሪጌታ። «የተሳሳተው ሠዓሊው ነው። በእኛ ሥርዓት ቢሆን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ነበር የሚሥልለት። ይሁዳም፣ ሄሮድስም፣ ሰካራሙም አንድ ዓይን ነው፤ ሁለት ዓይን የሚሣለው ለእግዚአብሔር ወዳጆች ነው።»

«ሰካራም ሁሉ?»

«ሁሉም።»

ሄኒ ዓይኑን ወደ ባኮሱ መለሰ። መሪጌታ ከልጃቸው ትንፋሽ ላይ የመጠጡ ሽታ ደርሷቸው ነበር፤ እንዳልሸተታቸው ሆኑና ስለ እናቱ ሕመም አጫወቱት።

እናቱ ወይዘሮ እንግዳወርቅ ሰኔ ሳይጋመስ ዐረፉ። በአርባኛው ቀን፣ ለዋሽንግተን ቅርብ በሆነችው አሌክሳንድሪያ ባለው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተዝካራቸው ሲወጣ፣ ሄኒ ሰክሮ መጣ፤ በካህናቱ ማዕድ ላይ ተደናቅፎ ወደቀና ሳህኑም ጽዋውም ተበተነ። መሪጌታ አላነሡትም። «ከእንግዲህ ዓይንህን አልይ» ብለው በሰው ሁሉ ፊት አስወጡት።

በዚያው ሰሞን የሰበካ ጉባኤው ለአዲሱ ሕንፃ የቃና ዘገሊላን ሥዕል እንዲሥሉ አዝዟቸው ነበር። መሪጌታ እንደ መምህራቸው በአቡጀዴ ላይ ሥለው በኋላ ከግድግዳው ለማጣበቅ ወሰኑ፤ በቤታቸው ምድር ቤትም ከሥራ መልስ እየተቀመጡ አርባ ሠርገኛ ሣሉ። ሠላሳ ዘጠኙ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። አርባኛው በጋኖቹ ጥግ ጽዋው ከእጁ የወደቀ ሰካራም ነው፤ ፊቱ ወደ ጎን ዞሯል፤ አገጩ የሄኒ አገጭ ነው፤ ከቅንድቡ በላይም ሄኒ በልጅነቱ ከብስክሌት ወድቆ ያገኘው ጠባሳ አለ። ይህን ሲሥሉ የመሪጌታ እጅ አልተንቀጠቀጠም፤ ኋላ ለራሳቸው ይቅር ሊሉት ያልቻሉትም ይኸንኑ ነው።

ጥር ዐሥራ ሁለት ቀን ሥዕሉ ተገለጠ። የደብሩ አስተዳዳሪና የመሪጌታ የንስሐ አባት መልአከ ሰላም ዓባይነህ ባርከውት፣ እልልታው ገና ሳይበርድ፣ ሄኒ ማንም ሳይጠራው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ገባ። ከሥዕሉ ፊት ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ አባቱ ተጠጋ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ አይደል?»

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ ሥዕሉ ጋኖች አሸሹ።

«መጠጥ ካቆምኩ አምስት ወር ሆነኝ። የማገገሚያ ፕሮግራም ገብቼ ነው። ዛሬ የመጣሁት ልነግርህ ነበር።»

ትከሻቸውን ሳማቸውና ወጣ። «ቆይ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ነገር ግን ምእመናኑ የመሪጌታን እጅ ሊጨብጡ ተሰልፈው ነበርና፣ ነገ እደውልለታለሁ ብለው ተዉት። በማግስቱ አፈሩ፤ ከዚያም ምን እንደሚሉ ጠፋቸው። ነገ ነገ ሲሉ መጋቢት ገባ።

በመጋቢት ወር ኮሮና የሚሉት ደዌ ከተማውን ዘጋው፤ ቤተ መዘክሩም ቤተ ክርስቲያኑም ተቆለፈ፤ ቅዳሴው በጥቂት ካህናት ብቻ ሆነ። ሹመኛው ከቤቱ ሲሠራ፣ ሄኒና መሰሎቹ የሰውን ቀለብ ከመኪና እያወረዱ መጋዘን ይሞሉ ነበር። በሰሙነ ሕማማት ሄኒ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ በስቅለት ዕለትም የመሪጌታ ስልክ ጠራ።

«አባቴ፣ ዕድላዊት እባላለሁ፤ የሄኒ ነርስ ነኝ። ቪዚተር ስለማይገባ በቪዲዮ ላሳይዎት ነው። ይሰማ ይሆናልና ያናግሩት።»

ስልኩ ዞረ። ሄኒ በደረቱ ተኝቷል፤ ራሱ ወደ ጎን ዞሮ ጉንጩ ትራሱ ላይ ተጣብቋል፤ በአፉ ቱቦ ገብቷል። የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነበር፤ እርሱም ተከድኗል። መሪጌታ ስልኩን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው፤ በገዛ እጃቸው የሣሉት መልክ ነበርና።

«ልጄ፣ በእመቤታችን፣ ፊቱን አዙሪልኝ። ሁለቱንም ዓይኑን ልየው።»

«አልችልም አባቴ። ሳንባው አየር እንዲያገኝ ነው እንዲህ ያስተኛነው። ካዞርነው ኦክስጅኑ ይወርዳል።»

«እሺ፤ አስጠጊልኝ።» ስልኩን ወደ አፋቸው አቀረቡ። «ሄኒ፣ እኔ ነኝ። አምስት ወር ያልከውን ሰምቻለሁ። የሣልኩት ውሸት ነው፤ ስትድን እደመስሰዋለሁ። በቍጣ ነው የሣልኩህ፤ ማረኝ ልጄ።» ከዚያ ዕድላዊትን፣ «ሰምቶኛል?» አሏት።

ዕድላዊት መዋሸት አልሆነላትም። «አላውቅም አባቴ» አለች።

በማግስቱ፣ በቀዳም ስዑር፣ ሄኒ ሞተ። ከዐሥር ሰው በላይ አይፈቀድም ተብሎ በዘጠኝ ሰው ተቀበረ፤ ድንኳን አልተጣለለትም፤ አባቱን ያቀፈም ሰው አልነበረም።

ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ መሪጌታ የቀለም ሣጥናቸውን ይዘው አሌክሳንድሪያ ሄዱ። መልአከ ሰላም አፋቸውን በጭምብል ሸፍነው፣ በመኪና ማቆሚያው ላይ ራቅ ብለው ተቀበሏቸው።

«ሥዕሉ ተባርኳል መሪጌታ» አሉ መልአከ ሰላም። «የተባረከ ሥዕል ብሩሽ እንደማይነካው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

«አውቃለሁ አባቴ። ንስሐ ልናገር ነው የመጣሁ።»

ያ ሰካራም ማን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ሣሉት፣ ልጁም አይቶት እንደ ሄደ ቆመው ነገሯቸው። መልአከ ሰላም ራሳቸውን ደፍተው ሰሙ፤ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ቍልፍ ከኪሳቸው አወጡ።

«እንግዲያውስ ቀኖናዎ እርሱ ይሁን» አሉና በሩን ከፈቱላቸው።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ወደ ጎን የዞረን ፊት መመለስ ራሱን እንዳለ ፍቆ እንደገና መሥራት ነው፤ ሰካራም በሁለት ዓይን እንዴት እንደሚሣል ደግሞ መምህራቸው አላስተማሯቸውም። ያስተማራቸው ሦስት ወር ሙሉ የጠበቁት የኔፕልሱ ሠዓሊ ነበር። የወደቀውን ጽዋ እንዳለ ተዉት፤ ሽፋሽፍቱን አከበዱ፤ ከንፈሩን አገረጡ፤ ከዓይኑ ሥር ጥላ አኖሩ፤ ሁለቱንም ዓይኖች ወደሚያየው ሰው መለሱ። ያ የኔፕልስ ሠዓሊ ጣዖት እሥላለሁ ብሎ የሚያውቀውንና የሚወደውን አንድ በሽተኛ እንደ ሣለ፣ ሄኒም ይህን ከእርሳቸው ቀድሞ እንዳየ፣ መሪጌታ በመሰላሉ ላይ ሆነው ገባቸው፤ እዚያው ቁጭ ብለውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ።

መሪጌታ ይገዙ ከሦስት ዓመት በኋላ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ስለ ራሱ ባሳተመው መጽሔት ስለ ሥዕላቸው ጥቂት መስመር አለ፤ ረቂቁ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሠዓሊው ሊቅ ቢሆኑም፣ በእርጅና ወይም በቤተ መዘክር ሲሠሩ ባደረባቸው የፈረንጅ ልማድ ምክንያት፣ ለሰካራሙ ሁለት ዓይን ሰጥተውታል፤ ይህ ስሕተት ወደፊት በባለሙያ ይታረማል።» ይህ ከመታተሙ በፊት ለመልአከ ሰላም ቀርቦላቸው ነበር። የንስሐ ምስጢር ነውና ሊናገሩ አልቻሉም፤ የመጨረሻውን፣ ይታረማል የሚለውን ሐረግ ብቻ በእስክሪብቶ ሰርዘው መለሱት፤ የቀረው እንዳለ ታተመ።

ስለዚያ ዘመን የተጻፈ ብዙ ነው፤ የተዘጋው በር፣ የሞተው ሰው ብዛት፣ የመጣው መድኃኒት ሁሉ በየመዝገቡ አለ። መሪጌታም በመጽሔቱ ውስጥ ከነስሕተታቸው ይነሣሉ። ሄኒ ካቆመ አምስት ወር ሆኖት እንደ ነበር ግን የትም አልተጻፈም።